የ«አልጋ ቁጥር 9» አንባቢዎች

የካቲት 3፣ ሰኞ። ጠዋት 3፡00

ሁለት ኮፒ ተመልሷል። የአንዱ ሽፋን ላይ ሻይ ፈሷል። ሌላው ገጽ 88 ላይ ሽሮ ጠብ ብሎበታል። ደስ አለኝ! ምሳ እየበላ እንኳ ሊያስቀምጠው ያልቻለ ሰው አለ ማለት ነው።

ኦቦ ቶለሳ ገና አልመጡም። (ከዚህ በኋላ ኦ.ቶ. እላቸዋለሁ፤ እጄ ሰነፈ።) መጽሐፍ የሚያከራዩባትን ሱቅ ዛሬም በማለዳ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሥራ እስካገኝ አግዛቸዋለሁ። ከተመረቅኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ደርሼ መጣሁ፤ ያው ነው፣ «የሥራ ልምድ 3 ዓመት»። ከየት አባቴ ላመጣ።

ግን ደብተሬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ሌላ ማንም አያውቅም። «አልጋ ቁጥር 9» የእኔ ነው። አሥራ ሁለት ኮፒ፣ ኮፒ ቤት ተባዝቶ በስፓይራል የተጠረዘ። የብዕር ስሜ «ዘሀገረ ሕይወት»። የአምቦ የድሮ ስም ስለሆነ ሰዉ ሁሉ ደራሲውን ጡረታ የወጣ ሽማግሌ አድርጎታል። ኦ.ቶ.ም ጭምር። ለእሳቸው እኔ የሽማግሌው ተላላኪ ነኝ።

የሱቁ ደንብ፦ መጽሐፍ የመለሰ ሰው መጨረሻው ላይ በተለጠፈው ባዶ ወረቀት አስተያየቱን ሳይጽፍ ሌላ መጽሐፍ አይወስድም። ኦ.ቶ. ሠላሳ ዓመት መምህር ነበሩ፤ አስተያየቱንም በቀይ እስክሪብቶ ያርሙታል።

የዛሬዎቹ፦

«ፊቱ በፋሻ የተጠቀለለ ሁሉ እጮኛዬ ነው ይባላል? ማኅሌት እግሩን አታይም? ሰው በእግሩ ይታወቃል። — ጫማ ሻጭ ነኝ፣ አውቃለሁ።»

«ጨርሼው ባሌን ስሜን ጥራ አልኩት። ጠራኝ። ተመስገን።»

«ደራሲው ከሃምሳ በታች ከሆነ ጸጉሬን እላጫለሁ። እንዲህ ያለ ፍቅር ልጅ አይገባውም።»

የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ። ማን ይላጫት?

የካቲት 5፣ ረቡዕ። ከሰዓት

የባጃጁ ወንድዬ መጣ። ባጃጁን አስነስቶ እንደተወ፣ ከደጅ ይጮሃል። «ሌንሴ! ለሽማግሌሽ ንገሪልኝ፣ ግማሽ መንገድ ላይ አውርዶኝ ሄደ በይው!» የልብ ወለዱን መጨረሻ ማለቱ ነው። ናሆም መናኸሪያ ቆሟል፣ የአደጋው ጠባሳ ዳነ፣ ትዝታው ግን አልተመለሰም። በአንድ በኩል ማኅሌት፣ ሆስፒታል ያገኘችው፣ በሞተ እጮኛዋ ስም የምትጠራው። በሌላ በኩል የማያውቃት ሴት፣ በሌላ ስም የምትጠራው። እሱ ዞረ። ወደ ማንኛዋ? እዚያ ጋ አቁሜዋለሁ። ወንድዬ ሦስት ቀን እንቅልፍ የለኝም ይላል። ኦ.ቶ. ሥርዓት እንዲይዝ ነገሩት፤ አስተያየቱን ጻፈ፤ አራት የፊደል ስሕተት፣ አራት ቀይ ክብ።

ከዚያ ዞር ብሎ ጠየቀ። ታሪኩ እውነት ነው አይደል? ኦ.ቶ. ከእኔ ቀድመው መለሱ። እውነት ነው፣ ሌንሳ ደራሲውን ታውቃለች፣ ደራሲው ሰውየውን ያውቀዋል፣ በሕይወት አለ።

ይኸን የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

እውነት አይደለም፣ ደብተሬ። አንድም ቃል። ሽፋኑ ላይ ከርዕሱ ሥር «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ብዬ ጽፌያለሁ። ምን ላድርግ? እዚህ ሱቅ የሚገባ ሰው መጽሐፍ ሲያነሳ የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ ነው። እውነት ካልሆነ መልሶ ይሰካዋል። አንድ መስመር ናት። ማንን ትጎዳለች አልኩ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ገበያ ነው። ሱቁ ጢም ብሏል። በእጃጂ መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ረዳት ኮፒ ቁ. 7ን አምጥቶ ባንኮኒው ላይ ጣለልኝና እየሮጠ ሄደ። አስተያየቱ በእርሳስ ነው፤ ሁለት ገጽ ሙሉ። የሴት እጅ ጽሑፍ። ቆሜ አነበብኩት።

ለደራሲው ይላል። ናሆም ያልከው ሰው ግራ ቅንድቡን የሚያቋርጥ ጠባሳ አለው። የቀኝ እጁ የቀለበት ጣት ጫፍ የለውም። ይኼ ባሌ ገመቹ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለቀን ሥራ ወጥቶ አልተመለሰም። ስሙን ስለቀየርክ አልቀየምም። ሌላ ሴት ይዞ ከሆነም አልጣላም፣ ራሱን ካላወቀ እኔን እንዴት ያውቀኛል። የት እንዳለ ብቻ ንገረኝ፣ እናቱ አለችለት። ጫልቱ፣ ከእጃጂ።

ሰው ያናግረኛል፣ አልሰማም። 

ምክንያቱም ያንን ጠባሳ ከየት እንዳመጣሁት አውቃለሁ። አምና መናኸሪያ ሚኒባስ ስጠብቅ ግድግዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ነበር፤ የጠፋ ሰው። ፎቶው በዝናብ ነጥቷል፣ የላይኛው ግማሽ ተቀዷል፣ ስም የለም። ምልክቶቹ ብቻ ቀርተዋል። መዳፌ ላይ ገለበጥኳቸው። ምን ዓይነት ባለታሪክ! አልኩ። ወረቀቱ አርጅቷል፣ ሰውየውም ተገኝቶ ይሆናል አልኩ።

አልኩ። አልኩ።

የካቲት 10፣ ሰኞ። 3፡30

ሁለቱን ገጾች ልገነጥል በማለዳ ሄድኩ። ዘገየሁ። ኦ.ቶ. እሑድ እሑድ አስተያየት ሁሉ ያነባሉ። ጫልቱ የጻፈችው ላይ አንድም ቀይ ምልክት የለም። ስሕተት ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም፤ አላረሙትም። ዓይናቸው ቀልቷል። ለደራሲው ዛሬውኑ አድርሺ አሉኝ። ሰው አገኘን፣ ሌንሴ! መጽሐፍ ሰው ሲያገኝ በዕድሜዬ አላየሁም! እሺ አልኳቸው። እሺ!

ሲነግሩኝ ሁለት ደንበኞች ነበሩ። ወንድዬም ነበረ። አለቀ፤ እስከ ምሳ ሰዓት አምቦ ሰምቷል።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

አስተያየቶቹ ተለወጡ። ስለ ልብ ወለዱ የሚጽፍ የለም፤ ሁሉም ለጫልቱ ነው። «እህቴ አይዞሽ፣ እግዚአብሔር አለ።» «ማኅሌት የሰው ባል ትመልስ!» «ማኅሌት ምን አጠፋች? ከሞት አፋፍ ያወጣችው እሷ ናት።» ከሥሩ ደግሞ በሌላ እጅ፦ «አንቺ ራስሽ የሰው ባል ይዘሽ ይሆናል።» ጫማ ሻጩ ተመልሶ መጥቶ ጫልቱ ስለ እግሩ ትጠየቅ ብሎ ጽፏል። ሳቄ መጣ። ወዲያው ማልቀስ አማረኝ።

አሥራ ሁለቱም ኮፒ ወጥቷል፤ ወረፋ አለ። ስንት ሌሊት ይኼን ተመኝቼ ነበር። አሁን አንድ ሰው ሽፋኑን ባነሳ ቁጥር ዞር ብዬ መደርደሪያ እጠርጋለሁ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ። 8፡00

ደወለች።

የኦ.ቶ. ስልክ ቁጥር በየመጽሐፉ ማኅተም ላይ አለ። እሳቸው ስልኩን ለእኔ ሰጥተው አጠገቤ ቆሙ። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ አማርኛዋ መሐል ላይ ወደ ኦሮምኛ ይሻገራል፣ እኔም ተከትያት ተሻገርኩ። እንደ ወጉ ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ጤና፣ ቤተሰብ፣ ከብት፤ ከብት የለኝም፣ ደህና ናቸው አልኩ።

የነገረችኝን በሙሉ ልጽፈው። አማቷ አዴ ጉዲቱ ማንበብ አይችሉም። መጽሐፉን ወደ ኦሮምኛ እየመለሰች ሁለት ጊዜ አነበበችላቸው። ለወራት ከአልጋ ያልወረዱት ሴትዮ ተነሥተው ግድግዳ አስለቀለቁ። ልጃቸው ሲመጣ ቤቱ አሮጌ እንዳይሆንበት።

ሌላም አለ። ከጥር ጀምሮ ሽማግሌ እየመጣባት ነበር። የሚጠይቃት መምህር ነው። ጥሩ ሰው ነው አለችኝ፤ ሁለቴ አለችው። አግቢ ያሏትም አዴ ጉዲቱ ራሳቸው ናቸው፣ ልጄ ነሽ፣ ዕድሜሽን በር ላይ አትጨርሺ ብለው። እሺ ልትል ነበር። መጽሐፉ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ እሑድ ከሰዓት ይመጣሉ፣ እምቢ ትላቸዋለች። ከዚያ በኋላ አይመለሱም።

በመጨረሻ አንድ ነገር አለች፤ እንዳለችው ልጻፈው። «መናኸሪያችሁ ላይ ማስታወቂያ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ስልኬን አላጠፋሁም። ማንም አልደወለም። ወሬውን የሰጣችሁኝ እናንተ የመጀመሪያ ናችሁ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ኦ.ቶ. በጉጉት ያዩኛል። ደራሲውን እጠይቀዋለሁ አልኩና ዘጋሁ።

ፈሪ ነኝ። ጻፊው ደብተሬ፣ ፈሪ።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ። ጠዋት

መፍትሔ አገኘሁ። ደብዳቤ። ከደራሲው። ናሆም፣ ማለትም ገመቹ፣ ባለፈው ክረምት አረፈ። በሰላም፣ በሕመም፣ ሰው ከብቦት። ጫልቱ ነጻ ትወጣለች፣ መምህሩን ታገባለች፣ እናት አልቅሰው ይወጣላቸዋል፣ እኔንም የሚጠይቀኝ የለም። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። አነበብኩት። አንድ ቦታ ላይ «ከንፈሩ አንድ ስም ሲፈልግ ቆየ» ብያለሁ። ደስ አለኝ። ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ነው ብዬ ደስ አለኝ!

እስክሪብቶውን ጣልኩት። ደነገጥኩ። ሰውየው በሕይወት ቢኖርስ? ነገ በእግሩ ቢመጣስ? የማላውቀውን ሰው ሁለተኛ ጊዜ እየተጫወትኩበት ነው፣ አሁን ደግሞ ልቀብረው።

ቀደድኩት።

ያው ቀን፣ 10፡00

ለኦ.ቶ. ነገርኳቸው። ገበያተኛው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቄ። ደራሲው እኔ ነኝ። ሰው የለም። ምልክቱን ከግድግዳ ነው ያነሳሁት።

መጀመሪያ አላመኑም። ሳቁ። አንቺ? አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። እንዲቆጡ ፈለግኩ፤ አልተቆጡም። ዛሬ የተመለሱትን ሦስት ኮፒዎች ከመደርደሪያ አወረዱ፣ ቀዩን እስክሪብቶ አቀበሉኝ፣ መስመሯን ራስሽ ሰርዢ አሉኝ። ሰረዝኩ። ሦስት ጊዜ። አንዱ ሰረዝ ርዕሱንም ነካው።

እውነቱን ጽፌ በረዳቱ እልክላታለሁ አልኳቸው።

«ደብዳቤ?» አሉ። «የአንቺን ጽሑፍ ከእንግዲህ ማን ያምናል፣ ልጄ?»

እስካሁን በጆሮዬ አለ። ወደ ቤት ስመጣ ወንድዬ በነጻ ላድርስሽ አለኝ፤ በእግሬ ሄድኩ።

የካቲት 16፣ እሑድ። 2፡15፣ ሚኒባስ ውስጥ

ጉደርን አለፍን። መንገዱ ይነቀንቃል፣ ጽሑፌ ለዚህ ነው። ለጫልቱ ከመነሣቴ በፊት ደውያለሁ። እመጣለሁ አልኳት። በስልክ ልነግራት ጀምሬ ነበር፣ አላስጨረሰችኝም፤ ለእናታችን ፊት ለፊት ንገሪልን አለች። ብቻሽን ነሽ የምትመጪው? አለችኝ። ብቻዬን ነኝ።  እሺ፣ ከቸርች ስንወጣ አስፋልቱ ጋ እንገናኝ አለች።

ረዳቱ ያው ኮፒ 7ን ያመጣው ነው። አወቀኝ። ሰውየው ተገኘ እንዴ? ይለኛል በተሳፋሪ ፊት። ከፊቴ ያሉት ሁለት እናቶች ዞሩ። አንዷ ታሪኩን ለሌላዋ ትነግራታለች፣ ግማሹን አሳስታ። በሷ አነጋገር ናሆም ሐኪም ነው። አላረምኳትም።

ልለው የምችለውን እያዘጋጀሁ ነው። በአማርኛ ሲሆን ያምርልኛል፤ ሁሉንም ወደ ጥሩ ዓረፍተ ነገር እወስደዋለሁ። በኦሮምኛ ማሳመር አልችልም፣ የቤት ቋንቋዬ ነው፤ እንዳለ ይወጣል። በኦሮምኛ እላለሁ።

እጃጂ፣ 5፡20

አስፋልቱ ዳር ሻይ ቤት። ሻዩ ቀዝቅዟል። የመጣሁበት ሚኒባስ ፊት ለፊት ቆሞ ወደ አምቦ ይጭናል። ተመልሼ ልግባበት? ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። አንድ ቦታ ቀርቶታል፣ ረዳቱ «አምቦ! አምቦ!» ይላል፣ እኔን እያየ።

ሽማግሌዎቹ 8 ሰዓት ላይ ናቸው። ጊዜ አለ። ገና ጊዜ አለ፣ እስካልሸሸሁ ድረስ።

መጡ። እነሱ መሆናቸውን ማንም አልነገረኝም፣ አወቅኩ። ጫልቱ እንደ ድምፅዋ ቀጭን ናት። የአንዲት አሮጊት ክንድ ይዛለች። አዴ ጉዲቱ አዲስ ነጠላ ለብሰዋል፣ የመታጠፊያው መስመር እንኳ አልጠፋም። መንገዱ ማዶ ቆሙ። ጫልቱ እኔን ትጠቁማቸዋለች። እሳቸው እኔን አያዩም። የሚያዩት ሚኒባሱን ነው። በሩን። ማን እንደሚወርድ።

ማንም አይወርድም።

አሁንም እያዩ ነው። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል እጃቸውን አነሡ፣ ቆይ፣ ገና የሚወርድ አለ እንደሚሉ።

ከመጠየቃቸው በፊት እናገራለሁ። ሰላምታውን ሳልጨርስ። ጤናውን፣ ከብቱን ሳይጠይቁኝ። ደራሲው እኔ ነኝ፣ ልጅዎን አላየሁትም፣ መጀመሪያ እሱን

መንገዱን መሻገር ጀመሩ።