ለሦስቱ ልጆች የመረጥኩት መጽሐፍ

ሮም፣ ረቡዕ ጳጉሜን 3 ቀን 2013

ዛሬ መጽሐፍ መረጥኩ፤ ምርጫ ከተባለ። ባለቤቴ ኮንትራቱ መቼ ወዴት እንደሚወስደን ስለማይታወቅ «ልጆቹ እቤት ይማሩ፤ ሥርዓተ ትምህርቱን አንቺ ምረጪ» ብሎኝ ለሥራ ናይሮቢ ሄደ። ለእሱ ቀላል ነው! የእንግሊዝኛውን ብወስድና ከዚህ ባንነሳ፣ በዓመቱ መጨረሻ የጣልያኖቹን ፈተና፣ ኤዛሜውን፣ ይወድቃሉ። የጣልያንኛውን ብወስድ ደግሞ ማን ያስተምራቸዋል? የእኔ ጣልያንኛ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ አያልፍም።

ጠዋት የጣልያንኛውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ማርታንና ናሆምን አስቀመጥኳቸው። ማርታ ገና ፊደል እየለየች ነው፤ ናሆም ሦስተኛ ክፍል ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተያዝኩ። ትልቋ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ሐና፣ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችና ለሁለቱም ታስረዳቸው ጀመር። ጎበዝ ናት፤ ለእኔ እንኳ ገባኝ። አሎራ፣ እንግዲህ ተገላገልኩ ብዬ ድስቴን ልጥድ ተነሳሁ።

ምሳ ላይ ባለቤቴ ሲደውል «የጣልያንኛው ይሁን፤ ሐና ታግዘኛለች» አልኩት። «ቫ ቤኔ፣ ጥሩ ነው» ብሎ ዘጋው።

ሐና አጠገቤ ሆና ሰምታኛለች።

«እማዬ፣ እኔንስ ማን ያስተምረኛል?»

«ብዪ፣ ምግብሽ ይቀዘቅዛል» አልኳት።

ሳህኗን ከጨረሰች ቆይታለች።