ዝናብ የሚያውቅ ጉልበትና የሚያፈስስ ጣሪያ

ሃፓቬሲ፣ ሰኞ ሰኔ 22 ቀን 1998 (እ.ኤ.አ.)

ለውድ ልጄ ለኬርቱ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። በመጀመሪያ እኛ አማኞች እርስ በርሳችን የምንለዋወጠውን «የእግዚአብሔር ሰላም» ጻፍሁ፤ አራት ዓመት ሙሉ የነፈግሁሽን ቃል ዛሬ ያለ ምክንያት መመለስ ድፍረት መሰለኝና ቀደድሁት። ቀጥሎ ለውጭ ሰው የምንለውን «እንደምን ሰነበትሽ» ጻፍሁ፤ በአክስትሽ ቀብር ዕለት በሰው ሁሉ ፊት ያንኑ ብዬሽ ፊትሽ እንዴት እንደ ተለወጠ ትዝ አለኝና ያንንም ቀደድሁት። በሦስተኛው ምን ብዬ እንደ ጀመርሁ አላስታውስም። ስለዚህ ሰላምታውን ትቼ በጣሪያው እጀምራለሁ። ስለ ጣሪያ ቢያንስ የማውቀው ነገር አለ፤ ወይም እስካለፈው ማክሰኞ ድረስ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ተጎታች ቤታችን ያፈስሳል። አንቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሽ በአዲስነቱ የገዛነው፣ በየዓመቱ በመኪና ወደ በጋው ጉባኤ ስንጎትተው የኖርነው ያው ቤት ነው። ባለፈው መከር በኋለኛው አልጋ ራስጌ፣ አንቺና እኅትሽ ሊና ተጨናንቃችሁ ትተኙበት በነበረው ጥግ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቡናማ ክብ ታየ። ዘንድሮ በግንቦት መጨረሻ እንደ ልማዴ መሰላል አቆምሁ፤ አሉሚኒየሙ በጉልበቴ ሥር እንዳይጎደጉድ ጣውላ አነጠፍሁ፤ ጣሪያውን አጥቤ ሁለት ቀን አደረቅሁት፤ የመጋጠሚያዎቹን ስፌት አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ እየተጫንሁ መረመርሁ። ከክቡ በላይ አንድ ስንጥቅ አግኝቼ ደፈንሁ። ዘነበ፤ ተንጠባጠበ። የመስኮቱን አናት ደፈንሁ፤ ተንጠባጠበ። የኋላ መብራቶቹን ነቅዬ መልሼ አሸግሁ፤ ያም አልፈየደም። የእጅ ስንፍና ቤትን እንደሚያፈስስ ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ እጄ ሳይሰንፍ የሚያፈስስ ቤት ምን እንደሚባል ግን የትም አልተማርሁም።

ነገሩ የቤት ዕቃ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ባላስቸኮለኝ ነበር። እናትሽ በየካቲት ሳንባዋን ታማ አሥራ ሁለት ቀን ተኝታለች። ሐኪሟ ሻጋታ ባለበት ክፍል አንድ ሌሊት እንኳ እንዳታድር አስጠንቅቋታል። ጉባኤው ደግሞ የፊታችን ዓርብ ይጀመራል። አግዳሚ ወንበር ላይ ብዙ መቀመጥ ስለማትችል በተጎታች ቤቱ አልጋ ተጋድማ ስብከቱን በሬዲዮ ነው የምትሰማው። ወንድሞችሽ «ዘንድሮ ብትቀሪስ?» ቢሏት፣ «ቤቱ ካፈሰሰ መኪናው ሥር አድራለሁ፤ እናንተ ናችሁ የምትቀሩት!» አለቻቸው። ታውቂያታለሽ።

ሥራውን ከዝናብ ጋር እየተሽቀዳደምሁ የቻልሁት በእርሷ ጉልበት ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ የእናትሽ ጉልበት ዝናብን ያውቃል፤ ሊዘንብ ሲል ይቆረጥመኛል ትላለች። «ነገ ከቀትር በኋላ ይጥላልና ሸራውን አልብሰው» ትለኛለች፤ አንድም ቀን ስታ አታውቅም። በግንቦት ወር «ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል» አለችኝ። ጉልበት በሚሊ ሜትር ሲናገር ሰምቼ ባላውቅም፣ የጸጋ ስጦታ ልዩ ልዩ ነው ብዬ አለፍሁት።

ባለፈው ሳምንት እናትሽ አራስ የሆነችውን ሊናን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ጣሪያው ላይ ተንበርክኬ ሳለሁ ጎረቤታችን ኦይቫ አጥሩን ተደግፎ ይመለከተኝ ጀመር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ምላሱ እንጂ የመብራት ሥራው አልቀጠለም።

«አንተ ሰባኪ፣» አለኝ፣ «ያንን ጣሪያ ልታጠምቀው ነው ወይስ ልታሽገው? ክሬም የተቀባ ኬክ አስመሰልኸው እኮ!»

«ውኃው የሚገባበት ጠፋኝ።»

«የሚንጠባጠብበትን ስለምታይ ነዋ! ውኃ እንደ ሐሜተኛ ነው፤ በአንዱ ቤት ገብቶ በሌላው ቤት ነው የሚወጣው። ማገሩን ተከትሎ ሦስት ሜትር ሊሄድ ይችላል። ከውስጥ አየር እንንፋበት፣ ከላይ ሳሙና ቀባበት። ቀዳዳው ራሱ ይናዘዝልሃል።»

እንዳለውም አደረግን። መስኮቶቹን ዘግተን፣ የአየር ማስገቢያዎቹን በፕላስተር ለጥፈን፣ የረገፈ ቅጠል የምናባርርበትን የአየር መንፊያ ሞተር በመስኮት ቀዳዳ በኩል ወደ ውስጥ ገጠምነው። ኦይቫ ሞተሩን ያዘ፤ እኔ ከላይ ሆኜ የሳሙና ውኃ በብሩሽ ቀባሁ። በኋላ በኩል፣ ሦስት ሳምንት በደከምሁበት ስፍራ፣ አንዲት አረፋ እንኳ አልወጣችም። አረፋው የወጣው ከወደ ፊት፣ ከቁም ሣጥኑ በላይ ካለች አንዲት ነጭ ክዳን ሥር ነበር። ከፋብሪካ አብራ የመጣች ትመስለኝ ነበር። በጣቴ ብነካት የእኔ ማሸጊያ እንደ እንቁላል ልጣጭ ተላጠ። ሥሩ የመታጠቢያ ቤት ሲሊከን ነበር። ሲሊከን በተቀባበት ላይ ሌላ ማሸጊያ አይይዝም፤ ይህን ስለማውቅ በዚህ ቤት ላይ ሲሊከን አስነክቼ አላውቅም። ክዳኑን ባነሣው በመሰርሰሪያ የተበሳ ክብ ቀዳዳ፤ በቀዳዳውም ውስጥ ወደ ታች የሚወርድ ገመድ። ገመዱን ወደ ኋላ ስከተለው በጣሪያው ጠርዝ ድንኳን በሚያያዝበት ሐዲድ ውስጥ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ሄዶ፣ በአጥሩ ዛፎች መካከል ገብቶ፣ ወደ ኦይቫ ግቢ ይዘልቃል። የሐዲዱ ጎማ እየመሰለኝ በየጸደዩ በጨርቅ ስወለውለው ኖሬአለሁ።

«ኦይቫ፣ ይህ ምንድን ነው?»

የሞተሩ ድምፅ ቆመ። «የቱ?»

«በጣሪያዬ ላይ የቴሌቪዥን ገመድ አለ።»

«የቴሌቪዥን መሆኑን በምን አወቅህ? አንተ እንደሆን ነክተኸው አታውቅ!» አለኝ። ከዚያም ሞተሩን ትቶ መጥቶ መሰላሉ ሥር ቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀ። «ሚስትህ ሄልሚ ናት የለመነችኝ። ሦስት ዓመቱ ነው። ከእኔ አንቴና ነው የሳብኩት። ለጉባኤው ስትጎትተው በዋዜማው ከአጥሩ ዘንድ እፈታዋለሁ። ከሥር እንዳላስገባው አይጥ ይበላዋል። ሲሊከኑም የእኔ ነው፣ ከመታጠቢያ ቤት የተረፈ። እኔ የመብራት ሠራተኛ እንጂ ጣሪያ ሠሪ አይደለሁም!»

«ለምን ቴሌቪዥን አስፈለጋት?»

«ለምን ይመስልሃል? የዓለም ዋንጫ ልታይ?»

ያን ጊዜ ነው ስለ ጉልበቷ የገባኝ።

ልጄ ሆይ፣ በአርባ ዓመት አገልግሎቴ ያንን የቴሌቪዥን ሣጥን ከቤታችሁ አውጡ ብዬ ያልሰበክሁበት አጥቢያ የለም። አንቺ የአየር ጠባይ ዜናውን በእርሱ ልታነቢ ስትቀጠሪ የተናገርሁሽን ሁለታችንም እናስታውሳለን። የልጄ ፊት አውጡ ባልሁት ሣጥን ውስጥ አይታይም፣ ከቤታችንና ከሥራው አንዱን ምረጪ ብዬሽ ነበር። መረጥሽ። እናትሽ ምንም አላለችም። በማግሥቱም በቀጣዩም ዓመት ምንም አላለችም። የልጅ ልጆች ጫጫታ ሲበዛባት «ተጎታች ቤቱን ላናፍስ» እያለች በየምሽቱ ትወጣ ነበር። በክረምትም ቢሆን ማሞቂያውን ለኩሳ ትቀመጥ ነበር። እኔ ለጸሎት ይመስለኝ ነበር፤ እንዲያውም በሰው ፊት አመስግኛታለሁ።

ሣጥኑን ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከአንሶላዎቹ ኋላ፣ በግራጫው የሱፍ ሻሏ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ከዳቦ ማስቀመጫ አይበልጥም። ገመዱ ውኃ ገብቶት ቤቱን እንዳያቃጥል ማረጋገጥ ተገቢ ስለ ነበር ከፈትሁት። ዜናው ሲያበቃ አንቺ ቀረብሽ። እጅሽ በካርታው ላይ፣ ልክ በእኛ አገር ላይ ነበረ። ስትናገሪ አንገትሽን ወደ ግራ ታዘነብያለሽ፤ እናትሽም እንደዚያው ናት። ገመዱ ደህና ነበር።

ከዚያ ወዲህ አእምሮዬ እንደ ጣሪያው ሆኗል፤ በአንድ በኩል የገባው ሐሳብ በማላውቀው በኩል ይወጣል። እንደ ተማርሁት ነገሩን በየፈርጁ ልፈታው ሞከርሁ። አንድም፣ እናትሽ ባሏን ሦስት ዓመት አታልላለች፤ ማታለልም ኃጢአት ነው። አንድም፣ እናት ልጇን ማየቷ ማታለል አይባልም፤ እንድትሸሸግ ያደረጋት ሰው ነው የሚጠየቀው። አንድም፣ ቀዳዳው ባይበሳ ቤቱ አያፈስስም፣ ሳንባዋም አይጎዳም ነበር። አንድም፣ በየካቲት ተኝታ ሳለች ትኩሳቱ ሲብስባት «የነገውን ንገሩኝ» ትል የነበረው እየቃዠች አልነበረም። አራተኛው ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ይጠፋኛል። ለስንቱ ምእመን ምክር የሰጠሁ ሰው በራሴ ግቢ በቆመ ቤት ላይ ፍርድ መስጠት አቃተኝ።

የገመዱንም ነገር አልተውሁም፤ የኤሌክትሪክ ነገር አንድ ቀን ታይቶ አይበቃም። ረቡዕ ከምዕራብ የሚመጣ ዝናብ እንዳለ፣ ለእኛም አካባቢ አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር እንደሚደርስ ተናገርሽ፤ ደረሰም። ሐሙስ ድምፅሽ ሻክሮ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ወደ ጎን ዞረሽ ሳልሽ። ዓርብ ሌላ ሰው ነው የቀረበው። የበጋ አጋማሽ በዓል ዕረፍት ይሁን ሕመም አላወቅሁምና እስከ መጨረሻው ዜና ቆየሁ፤ እርሱም አልተናገረም። ቅዳሜ ተመልሰሽ ስትቀርቢ ሰማያዊ ሹራብ ለብሰሽ ነበር። ገመዱ በዚያም ቀን ደህና ነበር።

እናትሽ ቅዳሜ ማታ ትመለስ ስለ ነበር ሥራው በዚያው ቀን ማለቅ ነበረበት። ፒንሳ ይዤ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ገመዱን ቆርጬ ቀዳዳውን ብደፍነው የማያዳግም ሥራ ነው፤ በጣሪያ ላይ ያለ ቀዳዳ ሁሉ፣ ምንም ቢታሸግ፣ አንድ ቀን መክዳቱ አይቀርም። እንዲህ ለሌላ ሰው መክሬ አውቃለሁ።

ኦይቫ ከታች ቆሞ ነበር። «ትቆርጠዋለህ?»

«አላውቅም።»

«ሄልሚንስ ምን ትላታለህ?»

«አላውቅም አልሁህ እኮ!»

«እሺ፣ አትቆጣ። አርባ ዓመት ስጎራበትህ አላውቅም ስትል የሰማሁህ ዛሬ ነው፤ ደግሜ ልስማው ብዬ ነው።» ቀጥሎም ከኪሱ የጎማ ቀለበት አውጥቶ ወረወረልኝ። ገመድ በጣሪያ ሲያልፍ አንገቱን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ፣ መቶ ጊዜ ያየሁት ተራ ዕቃ ነው። «መጀመሪያውኑ ይህን ነበር ማስገባት የነበረብኝ። ሰነፍሁ።»

ሲሊከኑን በእንጨት ስለት እስኪጠራ ፋቅሁት፤ በአልኮል ወለወልሁት፤ አየር ነክቶት እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ከቀለበቱ ሥር የማይደርቀውን ጥቁር ማስቲሽ አድርጌ፣ የክዳኑን ብሎኖች ከልክ ሳላሳልፍ አጠበቅሁ፤ ዙሪያውንም አሸግሁ። ገመዱ ሳይቆረጥ በመካከሉ አለ። ፒንሳው አሁንም ጣሪያው ላይ ነው መሰለኝ፤ ፈልጌ አላገኘሁትም። የበሰበሰውን የራስጌ ጣውላ አውጥቼ በአዲስ ተካሁት።

ትናንት እሑድ ጠዋት አንቺ እንዳልሽው ዘነበ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አልጋው ላይ ተቀምጬ ጣሪያውን ተመለከትሁ። አዲሱን ጣውላ በእጄ ጀርባ ደጋግሜ ዳሰስሁት፤ ደረቅ ነው። እናትሽ በሰላም ልትተኛበት ትችላለች።

ማታ ለእራት ልጠራት ወደ ተጎታች ቤቱ ሄድሁ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሳንኳኳ የጨርቅ መንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ከዚያ ከፈተችልኝ። አልጋው ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና ሹራብ የምትሠራ መሰለች፤ ኪሮሾቿ ላይ ግን ክር አልነበረም። በመንገዴ ላይ አራት ዓረፍተ ነገር አሰናድቼ ነበር፤ መጀመሪያው ስለ እውነት፣ መጨረሻው ስለ ይቅርታ ነበር፤ የማን ይቅርታ ለማን እንደ ሆነ ግን ገና አልወሰንሁም። ደጃፉ ላይ ቆሜ አንዱም አልመጣልኝም።

«ለነገ ምን አለች?» አልኋት።

እናትሽ ኪሮሾቿን ቀስ ብላ ጭኗ ላይ አኖረች። ቀና ብላ ተመለከተችኝ፤ እኔም ወዴት እንደምመለከት ጠፋኝ።

«ከቀትር በኋላ ፀሐይ ነው፣» አለች። «የዓርቡን ግን ገና አላወቀችም።»

ከዚያ ወንበሩ ላይ ያለውን ሣጥን የሸፈነችበትን ሻል አንሥታ አልጋው ላይ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። እራቱ ቀዘቀዘ።

አዳኙ ጌታ መውጣትሽንና መግባትሽን ይጠብቅ፤ ጉሮሮሽንም ይፈውስልሽ፤ ማር በሞቀ ወተት ውሰጂበት፣ በባዶ አንገትም ውጭ አትቁሚ።

አባትሽ
አርቮ ሂልቱላ