ከሐሙስ በፊት፣ ስለ ጥርስሽ

ለመጀመሪያ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ፣ ሥራሽስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል። እናትሽም ደህና ናት፤ ዓይኗ እንጂ ምላሷ አልደከመም።

ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። «ያልኩትን ጻፊ፣ አታሳምሪው» ብያታለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ስለሚተሳሰር ነው። ወዳንቺ ከተማ በሚመጣው የአውቶቡስ ሹፌር እጅ እልከዋለሁ፤ ከሐሙስ በፊት ይደርስሻል።

ሐሙስ ጥርስሽን እንዳታስነኪ።

«ራሱ አይደል እንዴ አስለጥፊና ተገላገይ ያለኝ?» ትያለሽ። አዎ፣ እኔው ነኝ። ከእጮኛሽ ቤተሰቦች ጋር ፎቶ ስንነሣ «አፍሽን ግጠሚ» ያልኩሽም እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስትስቂ አፍሽን በእጅሽ እንደምትሸፍኚ አይቼ እንዳላየ ሆኛለሁ።

ሰኞ ዕለት መንጋጋዬ አሞኝ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ልጅ እግር ናት፣ እጇ ግን የሙያተኛ እጅ ነው። ያ ቬኒር የሚሉት ስስ ነጭ ልጥፍ እንዴት ጥርስ ላይ እንደሚይዝ ጠየቅኋት። አርባ ዓመት ሴራሚክ የለጠፍኩ ሰው ነኝ፤ ለስላሳ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ በዓመቱ ይረግፋል። እኔ መጀመሪያ ግድግዳውን በመሮ እየነቆርኩ አሻክረዋለሁ። «እናንተስ?» ብላት፣ «እኛም እንሞርዳለን አባባ» አለችኝ። የሚሞረደው የራስሽ ጥርስ ነው! ኢናሜል የሚባለውን የላዩን ጠንካራ ሽፋን ከፊት በኩል በስሱ ያነሡታል። «ተመልሶ ይበቅላል?» ብላት ሳቀችብኝ። «ጥፍር መሰለዎት እንዴ!»

ለአንዳንዱ ሰው ብዙም ሳይሞረድ ይሠራለታል አለች። እንዳንቺ ያለ ቡናማ ጥርስ ግን ከሥር እንዳያሳይ ወፈር ያለ ስለሚፈልግ፣ የሚሞረደውም ይበዛል። አንዴ ከተሞረደ ዕድሜ ልኩን ሽፋን ይፈልጋል፤ ሽፋኑም አሥር አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ ይለወጣል። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካውም ሊጠዘጥዝ ይችላል። ልጄ፣ እኔ ግድግዳ ባበላሽ መልሼ እለስነዋለሁ። ሊለጠፍባቸው የታሰበውን ስምንት ጥርሶችሽን በምን ልለስናቸው?

ከዚያ ፎቶሽን አሳየኋት። ገና እንዳየችው «በልጅነቷ የጉድጓድ ውኃ ትጠጣ ነበር?» አለችኝ። ጥርስ በድድ ውስጥ ሲሠራ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን የበዛበት ውኃ እንዲህ ያደርገዋል፣ ከዘር አይመጣም አለች። ከሥሩ ያለው ጥርስ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ሳይሞረድ ቀለሙን ማቅለያ መንገድ ስላለ መጀመሪያ ትታይ ብላለች።

እኔ እኮ ከእናትሽ ዘር ነው እያልኩ ነው ያሳደግኩሽ። «የናንተ ወገን ጥርስ» እያልኩ እናትሽን በሰው ፊት አሹፌባታለሁ። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ በእነዚህ እጆቼ፣ አሥራ አንድ ክንድ። ጎረቤት ለቧንቧ ሲሰለፍ እኛ ከግቢያችን ስንቀዳ ደረቴን እነፋ ነበር። አንድ የውኃ መርማሪ መጥቶ በጠርሙስ ቀድቶ ሄዷል። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላስታውስም።

አፉ ያንቺ ነው። ልብሽ ከፈለገ አሠሪው፣ ከእንግዲህ ቃል አልተነፍስም። ለኔ አፍ ስትዪ ግን አታስሞርጂ።

ደብዳቤው እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጮክ ብላ መልሳ ስታነብልኝ፣ እናትሽ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። ሁሉንም ሰማች። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ወረቀቱንስ አስጻፍከው?» ብቻ አለችኝ። ወረቀቱን እንደምታውቅ እኔ አላውቅም ነበር።

እንግዲያው ይጻፍ። መርማሪው ተመልሶ መጥቷል። ወረቀት ሰጠኝ፤ ማንበብ እንደማልችል ሲያይ «ይህ ውኃ የልጅ ጥርስ ያበላሻል» ብሎ በቃሉም ነገረኝ። ያኔ ሁለት ዓመትሽ ነበር። ጉድጓዱን የደፈንኩት ወንድምሽ የተወለደ ሰሞን ነው። በሰባት ዓመት ትበልጪዋለሽ። የእርሱን ጥርስ ታውቂዋለሽ።

ፈጣሪ ትዳርሽን ያቅናልሽ፤ ከኔ የተሻለ አባት ለልጆችሽ ይስጥልሽ። እናትሽ ሰላም ብላሻለች። አሁንም በሩ ላይ ቆማ የማስጽፈውን ትሰማለች።

ፊርማ ስለሌለኝ አውራ ጣቴን አትሜያለሁ።

አባትሽ