አባባ የላኩልህ የቀበሮ ቆዳ

ይድረስ ለወንድሜ ለተስፋነህ፤

ካለህበት አገር ሰላምና ጤና አይለዩህ። እኛ በገሳይ ከነገብሳችን አለን፤ መድኃኔዓለም ይመስገን።

ቀበሮ ሁለት ግልገል ስለበላብን አባባ ምንሽራቸውን ከተሰቀለበት አወረዱ። «ጫፉ የተሞረደ ጥይት ቆዳ ይተረትራል፤ ሹሉ ግን እንደ ወስፌ ወግቶ ያልፋል» አሉና ጥይቶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየዳሰሱ መረጡ። ቆዳውን ላንተ አስበውት ነው። ማለዳ ከበረቱ ጀርባ ተኮሱ፤ አንዲት ጥይት በቃች። እሳቸው እንደ ጎረምሳ ሲፎክሩ እኔ ሮጬ ደረስኩ። ጎረቤት ወንድ ሳልጠራ ራሴው ገፈፍኩት።

ቀዳዳው ከባቄላ አይበልጥም። እየዳበሱት «አየሽ፣ ጥይት መምረጥ ማለት ይህ ነው» ይሉኛል። ደግሞ ውሻችንን፣ ዳማን፣ ይጣራሉ፤ ጅብ በላው ብያቸዋለሁ።

ቆዳውን ደብረ ታቦር በሚወርደው ሚኒባስ ልኬልሃለሁ። አንገቱ ላይ ገመድ ጠጉሩን የላጠበትን ቦታ አንተ ታውቀዋለህ፤ ያሰርክለት አንተ ነህ። ስትጽፍ ስለ ቀበሮው አደራ አመስግናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ደብዳቤህን የማነብላቸው እኔ ነኝ።

ቸር ያገናኘን።

እህትህ ስርጉት