ትርንጎ ቁጭ ያለችበት ሳምንት

ሰኞ

ዛሬም ነከሰችኝ። ግራ እጄን፣ ከአውራ ጣቴ በታች። ደም አልወጣም፤ የጥርሶቿ ምልክት ግን ይኸው ስጽፍ ይታየኛል።

ስንዘምርና በጭቃ በግ ስንሠራ እንደ ትርንጎ ያለ ልጅ የለም። በትምህርት ቤቱ ግቢ እንደ ደወል የተሰቀለው ብረት ተመቶ «ልጆች፣ ተነሱ» ስል ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ሌሎቹ እንደ ተፈታ ጥጃ ሲራወጡ እሷ ካለችበት መሬት ላይ ቁጭ። እጅ ለመታጠብ ቁጭ። ለምሳ ቁጭ። ለመውጣትም ቁጭ። ስጎትታት ትነክሳለች።

ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ ስንዱ በመስኮት አይተውናል። ዓርብ መጥተው ክፍሉን ያያሉ፤ ያን ቀን ካልተሰለፈች «ትቅርና ለዓመቱ ትምጣ» ብለዋል። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ልጁ ብዙ፣ እኔ አንድ። ግን ከተራራው አናት፣ ከጊች መንደር፣ ወርደው ደባርቅ ከሰፈሩ ወዲህ እናቷ በቀን ሥራ ነው የምታድረው። ልጅቷን ማን ዘንድ ትተዋት?

ማክሰኞ

የሞከርኩት፦ ጭብጨባ፣ መዝሙር፣ ከረሜላ።

ጭብጨባው ሌሎቹን አሳበዳቸው። በመዝሙሩ ሰሚራና ቢኒያም ተጋፍተው ጀሪካኑን ደፉት። ከረሜላውን ትርንጎ ቁጭ እንዳለች በላችው። አመሰገነችኝ ደግሞ።

ትንሽ ድል፦ አልጎተትኳትም፣ አልነከሰችኝም።

ከምሳ በኋላ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ እንደተኙ ጉሙ ከተራራው ወርዶ መስኮቱን ሸፈነው። ግቢው ጠፋ፣ አጥሩ ጠፋ። እኛ ብቻ ቀረን፤ ክፍሉ ከመሬት ተነሥቶ የሚንሳፈፍ መሰለኝ። እንዲህ ሆነን ብንቀር፣ ማንም ወደ የትም ሂዱ ባይለን ብዬ ተመኘሁ። ያልተኛችው ትርንጎ ብቻ ነበረች። ዐይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም።

ረቡዕ

እናቷ ስለዘገየች እኔው ላደርሳት ወጣሁ። ሰፈራቸው ከከተማው ጫፍ ነው። መንገድ ላይ ጉሙ ያዘን። ነጠላዬን ላጣፋ እጇን ለቀቅኩ፤ ትከተለኛለች ብዬ ጥቂት እንደሄድኩ ዞር ስል የለችም። ነጭ ብቻ።

«ትርንጎ!» አልኩ።

«አቤት» አለች ከኋላዬ፣ በጣም ተረጋግታ። ድምፄን ተከትላ መጣች። የቀሚሷ ኋላ ርሷል፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነበር።

ለምን እንደተቀመጠች ስጠይቃት እንደ ሞኝ አየችኝ። ሰው ሲጠፋብሽ ካለሽበት ቁጭ በይ፣ ስምሽን ስትሰሚ ተነሽ፣ ገደል አለ ብላታለች እናቷ።

ቀሪውን መንገድ ሁሉ ይህን አሰላሰልኩ። ብረቱ፣ ጩኸቱ፣ ሩጫው፤ ለእሷ ይህ ሁሉ ጉም ነው። እኔ ደግሞ «ልጆች» እላለሁ፣ ስቆጣ «አንቺ» እላለሁ። ብረቱ ሲመታ አንድም ቀን በስሟ ጠርቻት አላውቅም። አፈርኩ። ለእናቷ ስነግራት ሳቀች። «ላይ ጊች ሳለን ጉሙ መች ይለቀን ነበር፣ እትዬ» አለች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ።

ሐሙስ

ለኛ ክፍል ብረት እንዳይመታ አስነገርኩ። በሩ ላይ ቆሜ አንድ በአንድ፣ ድምፄን ሳብ እያደረግኩ ጠራሁ። ሀያት። አቤት። ቢኒያም። አቤት። ጊዜ ይፈጃል፤ ግን ማንም አልተጋፋም። ትርንጎ ጋ ስደርስ ስሟን ከሁሉም ይበልጥ ሳብ አደረግኩት።

ተነሣች። አቤት አለች። መጣች!

ለእጅ መታጠብ መጣች፣ ለምሳ መጣች፣ ለመውጣትም መጣች። እግሬ መሬት ሳይነካ ቤቴ ገባሁ። የትናንቱ ብርድ ብቻ ጉሮሮዬን ይዞኛል። ዝንጅብል አፍልቻለሁ።

ዓርብ

ስነቃ ድምፄ የለም። ሌላ ቀን ቢሆን ምን ነበረበት?

ወይዘሮ ስንዱ ከኋላ፣ ከልጆቹ ወንበር ባንዱ ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ። በሩ ላይ ቆሜ አፌን ከፈትኩ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ልጆቹ ተያዩ፤ ትርንጎ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አለቀልን አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ሀያትን እጇን ይዤ አመጣኋትና «ቢኒያም» አልኳት በጆሮዋ። ጠራችው። ቢኒያም መጥቶ፣ ማንም ሳያዘው፣ ሰሚራን ጠራ። ሰሚራ ሌላዋን። ስም ከስም እየተቀባበለ ክፍሉ ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። ግን ሁሉም የሚጠራው ጓደኛውን ነው። ትርንጎን ማን ይጥራ? ግማሾቹን ነክሳቸዋለች። ብቻዋን ቀረች፤ አንገቷን አቅንታ ትጠብቃለች። እኔን ማልቀስ ዳዳኝ።

«ትርንጎ» አለ ቢኒያም ከሰልፉ፣ ልክ እንደኔ ድምፁን ሳብ አድርጎ።

አቤት ብላ መጥታ ተሰለፈች። ሰልፉን ልመራ ስል ግን እሷ አልተነቃነቀችም፤ ወደ ኋላ ዞራ ከወይዘሮ ስንዱ በቀር ባዶ የሆነውን ክፍል ታያለች። ቀሚሴን ጎተተችኝ። «ያቺ ሴትዮ ማን ትባላለች?» አለችኝ። ምን ላድርግ፣ በጆሮዋ ነገርኳት።

«ስንዱ!»

ደርቄ ቀረሁ። ወይዘሮ ስንዱ «አቤት» አሉ፣ ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ፣ መጥተውም ከትርንጎ ኋላ ቆሙ።

«ለዓመቱ ትምጣ» ያሉትን ዳግም አላነሡም። እኔም፣ ድምፅ ቢኖረኝም፣ አልጠይቅም ነበር።