ወንድሜን ከመቃብሩ ላነሱልኝ ክቡር ፕሬዚዳንት

ለክቡር ቨርቴሺ ላዮሽ
የሾምሎቫር አውራጃ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት
ሀንጋሪ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ሲደርስዎ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ እንዲሁም በምክር ቤትዎ ደጃፍ የቆሙት ሁለቱ የድንጋይ አንበሶች በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ የእርስዎን ዕድሜ ፈጣሪ እንዲያረዝመው አጥብቄ እመኛለሁ፤ በአውራጃዎ ሰው ከሞተ በኋላ ምን እንደሚደርስበት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታልና።

የቤተሰብ ስምዎን አስቀድሜ መጻፌን ልብ ይበሉልኝ። በአገርዎ እንደዚያ ይጻፋል፤ ሰባት ዓመት ስለኖርኩበት አውቃለሁ። የሌላውን አገር የስም ሥርዓት መጠየቅ ይህን ያህል ከባድ እንዳልሆነ ለማሳየት ያህል ነው።

ደብዳቤው በማኅበራችን ጋዜጣም ስለሚወጣ ለአንባቢዎች ስል ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1984 ታናሽ ወንድሜ ክብሮም ንጉሤና እኔ በስኮላርሺፕ ሾምሎቫር ገባን፤ እሱ ግብርና ሊማር፣ እኔ ፋርማሲ። በ1987 ሐምሌ ወር ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ወንዝ ሊዋኝ ወርዶ በሕይወት አልተመለሰም። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሬሳ ወደ አገር ለመላክ አቅሙም መንገዱም ስላልነበረን እዚያው በከተማው መካነ መቃብር፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቀበርነው። እናታችን ወይዘሮ እታገኝ ዛሬ የሰማንያ ስምንት ዓመት አዛውንት ናት፤ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ከእኔ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ስትሞት የልጇ ዐፅም መጥቶ ከጎኗ እንዲያርፍ።

መቃብሩ እንደ ቤት ለሃያ አምስት ዓመት የሚከራይ መሆኑን፣ ዘመኑ ሲያልቅም ዘመድ ቀርቦ ካላሳደሰ ዐፅሙ ወጥቶ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ አውቅ ነበር። ስለዚህ ጊዜው ሊያልቅ ዓመት ከመንፈቅ ሲቀረው፣ በ2011 ጥር ላይ፣ ዐፅሙን አውጥቼ ለመውሰድ ማመልከቻዬን ላኩ። ከዚያ ወዲህ ለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የአውራጃ አስተዳደር እንዴት እንደሚሠራ ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። የመካነ መቃብሩ ኃላፊ ወደ ከተማው አስተዳደር መራኝ፤ ከተማው የሟች መዝገብ ያለው አውራጃው ዘንድ ነው ብሎ ወደ ምክር ቤትዎ ሰደደኝ፤ ምክር ቤትዎ ደግሞ ከዚያው ዓመት ጀምሮ እንዲህ ያለ ሥልጣን ኃላፊው ከዋና ከተማ ወደሚሾምለት የመንግሥት ጽሕፈት ቤት መተላለፉን በትሕትና አስረዳኝ፤ ጽሕፈት ቤቱም መቃብር አይመለከተኝም ብሎ ከተነሣሁበት ከመካነ መቃብሩ ኃላፊ እጅ ጣለኝ። ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ሥልጣን የለውም፤ ሥልጣን ያለውን ጽሕፈት ቤት ሕዝብ አልመረጠውም፤ በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ደብዳቤ ግን የሚያምር ማኅተም ያርፍበታል። አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ ጻፍኩ። የማኅተሞቻችሁን ዓይነት ለይቼ ለማወቅ በቅቻለሁ።

2ኛ. ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ስለደረሰኝ መልስ አመሰግናለሁ። አመልካቿ የሟች ዘመድ አይደለችም ይላል። እኛ የራሳችንን ስም እንጠራና የአባታችንን እናስከትላለን፤ መዝጋቢያችሁ ግን ፊት የተጠራው የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ወንድሜን ከክብሮም ቤተሰብ የተወለደ ንጉሤ አደረገው። በመዝገባችሁ መሠረት እንግዲህ ወንዝ የወሰደው ንጉሤ ነው። ንጉሤ አባታችን ሲሆን የሞተው በሰባ አራት ዓመቱ፣ አልጋው ላይ ነው። እኔ ደግሞ በአሜሪካ ወረቀቴ የቤተሰብ ስሜ ንጉሤ ስለሆነ፣ ክብሮም የተባለውን ቤተሰብ ላውቀው አልችልም ተባለ። የክርስትና ካርዳችንን አስተርጉሜ ላኩ። በልጅነታችን አንድ ግቢ ያሳደጉን አቶ ተስፋማርያም ከኤል ሴሪቶ፣ ሐጂ ሓሚድም ከሳን ሆዜ ድረስ መጥተው፣ እኅትና ወንድም መሆናችንን ኖተሪ ፊት ምለው ፈረሙልኝ። ጽሕፈት ቤታችሁ የሁለቱ ምስክሮች የቤተሰብ ስምም እርስ በርሱ አይመሳሰልም ሲል መለሰ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

3ኛ. በ2012 ሰኔ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ መቃብሩ እንደማይነካ በጽሑፍ ስላረጋገጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። ልጄ ዮዳሄ ግን የዋዛ አይደለችምና «ማሚ፣ እነዚህን ሰዎች ትረስት አታድርጊ፤ ቲኬት ቡክ አድርጊና ሂጂ» አለችኝ። እኔ የተማርኩት ሴት ማኅተም አምኜ እስከ ጥቅምት ቆየሁ። ስደርስ ከዛፉ ሥር አዲስ ጥቁር እብነ በረድ ቆሟል፤ ላዩ ላይ የማላውቀው ሰው ስም ተጽፏል፤ አንዲት ባልቴትም ሻማ ታበራለች። ጥፋት የለባትም፤ ባሏን ነው የቀበረችው። ነገሩን ስነግራት ሻማውን ትታ ከእኔ ጋር አለቀሰች፤ ከመላው አውራጃችሁ ለክብሮም ያዘነ እሷን ብቻ ነው ያየሁት። ወንድሜ በነሐሴ ተቆፍሮ ወጥቶ፣ ከሌሎች አርባ ሰዎች ጋር ቁጥር በሌለው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተከቷል። የትኛው አጥንት የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ብቸኝነት እንዳይሰማው አስባችሁለት ይሆናል።

4ኛ. በዚህ ዓመት ሚያዝያ እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ሳኒቬል ድረስ ስለመጡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ኩባንያ ፋብሪካውን በአውራጃዎ እንዲተክል ሲያግባቡ፣ ኩባንያው የቀጠራት አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። በሾምሎቫር ማንኛውም ጉዳይ በአንድ መስኮት፣ በሠላሳ ቀን ያልቃል አሉ፤ አንዲት ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩልዎ። ምሳ ላይ ሀንጋሪኛዬን አድንቀው የት እንደተማርኩት ጠየቁኝ፤ ስለ ክብሮም ነገርኩዎት፤ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው በቀጥታ ለእኔ ይጻፉልኝ አሉ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። አንዱንም አልመለሱም።

በሰኔ ወር ኩባንያው እዚያ የኖርሽ ሰው ነሽና የአውራጃው መሥሪያ ቤቶች አሠራር ምን ይመስላል ብሎ ጠየቀኝ። ስድብ አልተናገርኩም፤ አላስፈለገም። አሥራ ዘጠኙን ደብዳቤዎቼን ከነመልሳቸው፣ ለእርስዎ የጻፍኳቸውን ሦስቱንም ጨምሬ፣ በቀን ቅደም ተከተል ተርጉሜ ሰጠሁ። ዋጋም አልጠየቅሁም። ኩባንያው ባለፈው ሳምንት ሌላ አገር መምረጡን ሰምተዋል፤ ምክንያቱን ግን የነገረዎት ያለ አይመስለኝምና ይኸው እኔ ነገርኩዎት።

ተበቅያለሁ ክቡር ፕሬዚዳንት። እንደ ክርስቲያን አፍር ይሆናል ብዬ ነበር፤ አላፈርኩም። ደስ ብሎኛል፣ ገና ደግሞ አልበቃኝም። በመጪው ጥቅምት ለወንበርዎ እንደሚወዳደሩ ያቺ ባልቴት ጽፋልኛለች። የዚህ ደብዳቤ የሀንጋሪኛ ቅጂም እሷ ዘንድ ደርሷል፤ መቃብር ያለውን ሰው ቤት ለቤት እየዞረች እንደምታስነብብልኝ ቃል ገብታለች፤ በሾምሎቫር ደግሞ መቃብር የሌለው ቤት የለም።

የምርጫውን ውጤት ከአክብሮት ጋር፣ ከማይበርድ ቂሜ ጋር እጠብቃለሁ፤

ሙሉመቤት ንጉሤ
የክብሮም ንጉሤ የአንድ አባትና የአንድ እናት እኅት
ኦክላንድ፣ ነሐሴ 2014 በፈረንጅ አቆጣጠር

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ የሚታተምበት የማኅበራችን ጋዜጣ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ አራት መቶ ቤት ይገባል። እናቴ እስከ ዛሬ ልጇ ከዛፉ ሥር እንደተኛ ነው የምታውቀው፤ ለአንዲት እናት በአንድ ልጅ ሁለት ጊዜ መርዶ አይነገርምና እኔም አልነገርኳትም። ስለዚህ አንባቢዎቹን በሙሉ ጋዜጣውን ከእሷ እንዲሰውሩልኝ ለምኛቸዋለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲያገኟትም ዐፅሙ መቼ ይመጣል ብላ ስትጠይቅ ወረቀቱ እያለቀ ነው ይሏታል። ክቡር ሆይ፣ አራት መቶ ቤተሰብ ለአንዲት አሮጊት ሲል ምስጢር ይጠብቃል፤ የእርስዎ አውራጃ ግን ከነአንበሶቹ አንድ ሙት መጠበቅ አቃተው።