ከጁንኬሊ መቀነት ሥር የነበረው ጥቁር ቅርፊት

ለክቡር የወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ የተሟላ፣ ጉንፋን እንኳ ደጅዎን የማይረግጥ ይሁንልዎ። ምናልባት ቢታመሙ ግን ወደ ራስዎ ጤና ኬላ ብቅ እንዳይሉ በአክብሮት እመክራለሁ።

እኔ ቢሽኑማያ ጋርቡጃ እባላለሁ። እኛ የኔፓል ተራራ ሴቶች ዝናብ ሲገባ ለጎሾቻችን ሳር ስናጭድ እንውላለን። ታናሽ እህቴ ጁንኬሊም ስታጭድ ሰንብታ ትኩሳት ያዛት። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1. ባለሙያዎ ስላሳየው ጨዋነት አመሰግናለሁ። ከወንበሩ ሳይነሳ “ታይፎይድ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ታይፎይድ ነው፣ ሂጂ ተኚ!” ብሎ የራስ ምታት ክኒን ሰጣት። መቀነቷን ፈትታ ገላዋ እንዲታይ አልጠየቀም፣ ሴት ባለሙያም አልጠራም። እኛ ደግሞ ስምንት ክንድ መቀነት ወገባችን ላይ ጠምጥመን የምንኖር ነን፤ ለባዳ ወንድ መፍታት ነውር ነው። ከሳር የምትወጣው፣ በዓይን የማትታየው ቅንቅን ግን ነውር አታውቅም፤ የምትነክሰው ልብስ የሚጠብቅበትን ቦታ እየመረጠች ነው።

2. ስለ መመሪያዎም አመሰግናለሁ። ትኩሳቱ አልለቅ ብሏት ስንመለስ ደሟ ወደ ከተማ ተላከና “ውጤቱ ሳይመጣ ሌላ መድኃኒት አልሰጥም” ተባልን። እንዲህ ያለውን ትኩሳት የሚያድነው መድኃኒት፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ከባለሙያው ጀርባ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ማንበብ ስለምችል አንብቤዋለሁ። በዘጠነኛው ቀን ትንፋሿ እየተቆራረጠ “ዲዲ፣ ሳሩ ሳይበሰብስ አስገቢልኝ” አለችኝ። ዲዲዋ፣ ታላቅ እህቷ ነኝና እሺ አልኳት። ከሰዓት በኋላ ሞተች።

ሬሳዋን ለማጠብ መቀነቷን ስፈታ፣ በሲጋራ የተተኮሰች ይመስል ጥቁር ቅርፊት ወገቧ ላይ አገኘሁ። ያች ቅንቅን ነክሳ የምታስይዘው የሳር ተስቦ ምልክት ነበር። ወገቤን አመመኝ ባለች ቁጥር መቀነቱን አጥብቄ ያሰርኩላት እኔ ነኝ።

3. በጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈው የወባ ትንኝ ሥዕል አመሰግናለሁ። በጣም ቆንጆ ትንኝ ናት።

በሳምንቱ ጎረቤታችን ማንሳራ አተኮሳት። ጎረምሳ ሁሉ ከአካባቢው ተባሮ፣ በጎሽ በረት ውስጥ ከበብናት። እምቢ ስትል አክስቷ “ፍቺው አንቺ! ከሞት የባሰ ምን ነውር አለ?” ብለው ጮኹባት። ቅርፊቱ ከጡቷ ሥር ተገኘ። አሥራ አራት ሆነን ጤና ኬላ ወረድንና “ወይ መድኃኒቱን ስጥ፣ ወይ ሁላችንም እዚሁ በርህ ላይ መቀነታችንን እንፈታለን!” አልነው። መመሪያው ወዲያው ፈቀደ። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ናት፦ ያተኮሰው ሰው ገላ በመጀመሪያው ቀን ይታይ፤ ለሴት ሴት ትመደብ፤ ከተጠረጠረ ወረቀት ሳይጠበቅ መድኃኒቱ ይጀመር። እህቴን የገደላት የመድኃኒት እጦት አይደለም።

ለክቡርነትዎ ወንበር ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ በታች የምገኝ ትሑት አገልጋይዎ፣

ቢሽኑማያ ጋርቡጃ

ማስታወሻ፦ “ሴቶቹን ስለ ጤና ለማስተማር” በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመጡ ሰማን። ወንበር የለንም፤ ሳር ላይ ያርፋሉ። ሳሩ ላይ በተቀመጡ በአሥረኛው ቀን ካተኮሰዎ ቀበቶዎን ፈተው ይዩ እንጂ አደራ፣ ውጤት አይጠብቁ።